የጋሽ ክሎሪን እጅ

ዋናተኞቹ «ጋሽ ክሎሪን» ይሉታል። እሱም ቅጽል ስሙን ከመልመዱ የተነሣ፣ አንድ ቀን በእውነተኛ ስሙ ሲጠሩት ሌላ ሰው መስሎት ዞር ብሎ ጠሪውን ሳይሆን ተጠሪውን ፈልጓል። ሥራው ጣሪያ ያለውን የመዋኛ ገንዳ ውሃ መጠበቅ ነው። አመሻሽ ላይ የመጨረሻው ዋናተኛ ሲወጣ ክሎሪኑን ለክቶ ያስገባል፤ ከጣሪያው ሥር ያሉት መስኮቶች በደንቡ መሠረት ክፍት መሆናቸውን ቀና ብሎ ያያል፤ ለዝናብ ቀን መዝጊያ የሚሆነውን ባለ መንጠቆ ዘንግ ከበሩ ጀርባ ሰቅሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ንጋት ላይ ደግሞ ገንዳው የሴት ልጁ ነው። አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ውሃ ውስጥ ስትገባ አጥንት ያላት አትመስልም። እናቷ በጨቅላነቷ ስለሞተች ያሳደጓት የእሱ እናት ናቸው። አያት በሩ እንደተከፈተ ከሁሉም ቀድመው ይገባሉ፤ ሻርፓቸውን ተከናንበው ዳር ይቀመጣሉ፤ ልጅቱ ስትወጣ በፎጣ ጠቅልለው እንደ ሕፃን ያሿታል። «ዓሣዬ» ነው የሚሏት። አሠልጣኟ ዘግይቶ ይደርሳል፤ ከደረሰ በኋላም ዓይኑን ከሰዓቱ አያነሣም።

ሳሉ የጀመራት የውድድሩ ማጣሪያ ሲቃረብ ነው። መጀመሪያ ደረቅ ሳል ነበር። ከዚያ ደረቷ ሲር ሲር ይል ጀመር።

«ንፋስ ነው የመታት» አሉ አያት።

አባቷ ወስዶ ያሳያት ሐኪም ግን ከንፋስ ጋር ጉዳይ አልነበራትም።

«የክሎሪኑ ትነት ውሃው ላይ ይተኛል» አለችው። «የዋናተኛ አፍ ደግሞ እዚያው ነው፤ ስትምገው ትቆያለች። አየሩ ካልተቀያየረ የልጅ ሳንባ አይችለውም። መስኮት አለው?»

«ቀን ከሌት ክፍት ነው።»

«እንግዲያው ክሎሪኑ በዝቶ ይሆናል። ውሃውን የሚጠብቀውን ሰው ያነጋግሩት።»

እሺ ብሎ ወጣ። «ያ ሰው እኔ ነኝ» አላላትም። ሐኪሟ ያለችውን ለእናቱም አልነገራቸውም፤ አፈረ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ እጁን ጠላው። ቤት ሲገባ እስከ ክርኑ በሳሙና ይፈትገዋል፤ ሽታው ግን አይለቅም። ልጅቱ በሳለች ቁጥር በስሙ የምትጠራው ይመስለዋል።

ክሎሪኑን ቀነሰ። ውሃው እንዳይበከል እየሰጋ ትንሽ፣ ከዚያም ሌላ ትንሽ። በዚያው ሰሞን አያት ትከሻቸውን አሟቸው አልጋ ላይ ዋሉ፤ ልጅቱን አሠልጣኟ እየመጣ ይወስዳት ጀመር። ሳሉ ጋብ አለ፤ በረንዳው ላይ ገመድ መዝለል ሁሉ ጀመረች። ጋሽ ክሎሪን እንደ መደሰት ወገቡ ተቆረጠ። በቃ፣ የእሱ እጅ ነው፤ ማስረጃው ይኸው።

መሻሏ አልበረከተም። አያት ድነው ቤቱ ሳቅ ሳቅ ባለው ሰሞን፣ ልጅቱ ከልምምድ ስትመለስ ደረጃውን መውጣት አቅቷት ቁጭ አለች። ክሎሪኑን እንደገና ቀነሰ። ውሃው መደፍረስ ጀመረ፤ ልጅቱ ግን ባሰባት። በዚያ ላይ ዘንጉን ከሰቀለበት አጥቶ ዳር ካለው መቀመጫ ሥር አገኘው። ጽዳት ሠራተኛዋ ላይ ጮኸባት። የጮኸው በራሱ ላይ እንደሆነ ግን ያውቅ ነበር።

በማጣሪያው ዋዜማ ቆረጠ።

«ዋናው ይቅርብሽ።»

«አባዬ፣ ነገ እኮ ነው! ሳሌን አፍኜ እዋኛለሁ።»

«አልኩ አልኩ ነው። ከእንግዲህ እዚያ ገንዳ አትገቢም።»

የዋና ልብሷን ከነእርጥበቱ አቅፋ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። አላለቀሰችም፤ ይህ ከለቅሶው ባሰበት።

እናቱ ጓዳ ተቀምጠው ትከሻቸውን ቅባት ያሹ ነበር። እግራቸው ሥር ዘፍ አለ።

«እማዬ፣ ልጄን የጎዳኋት እኔ ነኝ። አሁን ደግሞ ዋናዋን ቀማኋት። ሁሉም የዚህ እጅ ሥራ ነው።»

አያት ቅባቱን አስቀምጠው ራሱን ደባበሱት።

«ምን ቆርጦህ ትጎዳታለህ! ይልቅ እነዚያ መስኮቱን ሁሉ በርግደው የሚተዉት እግዜርን አይፈሩም? ዓሣዬን ንፋስ እንዳይመታት፣ ልምምዷ እስኪያልቅ በዚያ ዘንግ አንድ በአንድ የምዘጋው እኔ፣ ስንወጣም ሰው እንዳይቆጣኝ መልሼ የምከፍተው እኔ፤ ይኸው ትከሻዬ እስኪነቀል።»