የንጉሤ እናት የዱባ ወጥ

ዱባው ገና ሳይበስል ጋዙ ጥፍት ይላል። «ወላሂ ይሄ ሲሊንደር ጠላቴ ነው!» እላለሁ። ወንድሜ ረድዋን የከሰሉን ምድጃ ጎትቶ አምጥቶ በካርቶን ቁራጭ ያራግብልኛል፤ እኔ አመዱ ድስቱ ውስጥ እንዳይገባ በእጄ እከልላለሁ።

ንጉሤ ግቢው መሃል የተደፋ ጄሪካን ላይ ጀርባውን ሰጥቶን ተቀምጧል። ወደ ድስቱ መቅረብ አይፈቀድለትም። በሰው አገር፣ ዳሚ በሚባል ሰፈር ውስጥ ይህችን ቤት የምንጋራው አራታችን በየወሩ የመጀመሪያ ዓርብ የአንዳችንን እናት ምግብ እንሠራለን። ባለ ተራው በአፉ ይናገራል እንጂ እጁን አያስገባም፤ የሚያበስለው ምግቡን በእናትየው እጅ ቀምሶት የማያውቅ ሰው ነው። እኔና ረድዋን እስላም፣ ንጉሤና ቲቲ ክርስቲያን ስለሆንን ሥጋ አይታሰብም። ሲቀርብ ባለ ተራው ይጎርስና «እሱ አይደለም!» ብሎ ይፈርዳል፤ እኛ እናጨበጭባለን። እስከ ዛሬ «እሱ ነው» የተባለ የለም። የእኔን እናት የአብሽ መረቅ፣ ሁልበቷን፣ ቲቲ ስትሠራው የግድግዳ ቀለም መስሎ ወጥቶ በሳቅ ልሞት ነበር።

በፍርድ እንደ ንጉሤ ክፉ አላየሁም። የበርበራ መስመር ሹፌር ነው፤ ሳይውጠው «አይደለም» ይላል። ባለፈው ተራው «ኢፍቱ፣ ዱባ ይከተፋል እንጂ አይታረድም» ብሎኝ ሳምንት ሙሉ አኩርፌዋለሁ።

ዛሬ ግን ተራው አይደለም፤ ለምኖን ነው። እናቱ ሞታ የተቀበረችው በቀደም ነው። መንገዱ ተዘግቶ ለቀብሯ እንኳን አልደረሰም። ፎቶዋ የለውም። ትናንት በር ላይ ቆሞ «ፊቷ እየጠፋብኝ ነው» አለኝ። «ስንት ዓመት ሙሉ አላየኋትም። አፌ ግን አይረሳትም። ወጧን ካገኘሁ እሷን አገኘኋት ማለት ነው።» እሺ አልኩት።

ከዚያ ትንሽ ቋጠሮ ሰጠኝ። ጦስኝ ነው። እናቱ ራሷ ከደጋው ለቅማ፣ አድርቃ፣ በነጠላዋ ቁራጭ ቋጥራ ለሹፌር የሰጠችው ነው፤ በድንበሩ ከተማ በውጫሌ በኩል አልፎ እጁ የገባው ከመርዶው በኋላ ነው። «ያለዚህ ማንም የሚሠራው ዱባ ነው» አለኝ። «በመጨረሻ፣ ከእሳት ሲወርድ ቆንጥረሽ ጨምሪበት። ቀድመሽ እንዳትጨምሪ።» እንዳይጠፋብኝ ጡቴ ሥር ሸጎጥኩት።

«ኧረ በራብ አለቅን!» እያለች ቲቲ ከጎረቤት የገዛችውን ላሖሕ፣ የዚህን አገር ስስ እንጀራ፣ ተሸክማ ትገባለች። ከሰሉ ደግሞ አንዴ ከያዘ አይመለስም፤ ድስቱ ይንተከተካል። «ሊያርርብሽ ነው!» ብሎ ረድዋን በጨርቅ ይዞ ያወርደዋል፤ እኔ ማማሰያዬን እስካስቀምጥ ላሖሑ ላይ ገልብጦታል። ቲቲ ተጣጠቡ እያለች ውኃ ታዞራለች። ረድዋን ቢስሚላህ ይላል፣ ንጉሤ ያማትባል፣ እንቀርባለን።

ንጉሤ ይጎርሳል። ቲቲ ለጭብጨባ እጆቿን አዘጋጅታለች። ያኝካል። ይውጥና ዓይኑን ጨፍኖ ሌላ ይጎርሳል።

«እሱ ነው» ይላል።

ማናችንም አናጨበጭብም። እንዲህ ሲባል ምን እንደሚደረግ አናውቅም።

«እሱ ነው፣ ራሱ!» እንባው በጢሙ ላይ ይወርዳል። «አፌ አይረሳትም አላልኳችሁም? አልረሳኋትም!»

ቲቲ እልል ልትል አፏን ከፍታ ሐዘን መሆኑ ትዝ ሲላት በእጇ ትይዘዋለች። ረድዋን «አልሐምዱሊላህ» ብሎ ራሴን ይስመኛል። ሦስት ዓመት ማንም ያልቻለውን እኔ ቻልኩ። ላጎርሰው ብዬ ጠቅልዬ ወደ እሱ ጎንበስ ስል ጡቴ ሥር አንድ ነገር ይኮሰኩሰኛል።

እጄ ከነጉርሻው አየር ላይ ይቀራል።

ሊያስደስተኝ ብሎ ነው እንዳልል፣ ንጉሤ በዚህ ነገር ለማንም ሸንግሎ አያውቅም፤ ፊቱም ይታየኛል። የሚበላው ዱባ ነው፣ ማንም የሚሠራው ዱባ። ሽንኩርቱ የእኔ ነው፣ ጨው የበዛበትም በእኔ እጅ ነው። ከዛሬ ወዲያ እናቴ ሲል አፉ ላይ የሚመጣለት ይሄ ነው። ፊቷ ሄዷል፣ አሁን ደግሞ ወጧ ሄደ፤ እሱ አልሰማም። ብነግረው ምን አገኛለሁ? መልሼ ብሠራውስ፣ ትክክለኛውን በምን ያውቀዋል?

«ምን ሆነሻል፣ አጉርሺኝ እንጂ» ይለኛል።

አጎርሰዋለሁ። ቀስ ብሎ ያኝካል።

«ጦስኟ» ይላል ለቲቲ፣ ልጅ እንደሚያስተምር ሰው ጣቱን አንስቶ፤ «ይሄ መጨረሻ ላይ የሚመጣው፣ ይሄ የእሷ ጦስኝ ነው። አገኘሽው?»

ቲቲ ጎርሳ ታስባለች። «አገኘሁት» ትላለች።

ሻርፔን ላስተካክል መስዬ እጄን አስገብቼ ቋጠሮውን እነካዋለሁ። እናቱ አጥብቃ እንዳሰረችው ነው።