የቄሱ ፖስታ

«አባ፣ ያዙልኝ! ጭንቅላቴ ሄደ!»

ኤሹን ዘወር ሲል ማጎሮኩ የሚባለው ወታደር ፖስታውን በሁለት እጁ አፍኖ፣ ነፋስ የነጠቀውን ፀጉሩን ወደ ባሕሩ በዓይኑ ሲሸኝ አገኘው። በመርከቡ ወለል ላይ የተኮለኮሉት ሁሉ ሳቁ።

መቀሱ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። ነገ ማለዳ ሩሲያውያን ወደሚጠብቋቸው ጠረፍ ይወርዳሉ። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ ሰው ከራሱ ላይ ፀጉር ቆርጦ በፖስታ ያደርግና የሚቀበለውን ሰው ስም ጽፎ ለጦሩ የቡድሃ ቄስ ለኤሹን ያስረክባል። የሞተ ሰው ሬሳ ባሕር ተሻግሮ አይመለስም። ለቀብር የሚደርሰው ይኸው ነው።

ኤሹን ከጠዋት ጀምሮ ከሁለት መቶ በላይ ሰብስቧል። መጻፍ ለማይችለው ይጽፋል፣ ላላሸገው ያሽጋል። በራሱ ኪስ ውስጥ ደግሞ አንድ ፖስታ አለ። ላዩ ላይ «ለቶሜ» ይላል። ውስጡ ባዶ ነው።

ጥፋቱ የራሱ ነው። ከወደቡ ከተነሡ ጀምሮ ዘጠኝ ቀን ሙሉ ራሱን ሳይላጭ የቆየው ለዚህች ፖስታ ብሎ ነበር። ዛሬ ለስንብቱ ጸሎት ሲሰናዳ ግን እጁ ልማድ ሆኖበት ምላጩን አነሣ። ትዝ ሲለው ግማሹ ወርዷል። በግማሽ ራስ ደግሞ ጸሎት አይመራም። ልጨርሰውና ከባልዲው ውሃ እለቅመዋለሁ አለ። ጨርሶ ፊቱን ሲያብስ አንድ መርከበኛ ባልዲውን ብድግ አድርጎ ባሕር ውስጥ ደፋው።

«እርስዎስ ምን ሊልኩ ነው፣ አባ?» አለው አንዱ ከጥግ። «ቅንድብ?»

«ተዋቸው እባክህ፣ የሳቸው ራስ መብራት ነው። መብራት በፖስታ አይላክም።»

ኤሹን አብሯቸው ሳቀ። መሳቅም ሥራው ነው። በእነዚህ ዘጠኝ ቀናት ስለ እናቶቻቸው፣ ስለ ሩዝ ማሳቸው፣ ስለ ታመመ በሬ ሳይቀር ሲያወሩት ውለው አድረዋል። ሚስት እንዳለው ሁሉም ያውቃል። ስሟን የጠየቀው ግን የለም።

ቶሜ ስትሸኘው የለመነችው አንድ ነገር ብቻ ነው። ባለፈው ክረምት በጦር ሜዳ የቀረውን የአንድ ጎረቤታቸውን ልጅ ቀብር ያስፈጸመው ኤሹን ራሱ ነበር፤ ሣጥኑ ውስጥ ምንም አልነበረም። እናትየው ትንሹን ሣጥን አንሥታ ነቀነቀችው፤ ምንም አልተንኳኳም። ቶሜ ይህን ቆማ አይታለች። «እኔ ባዶ ሣጥን አልቀብርም» አለችው መቅደሳቸው በር ላይ። «ከራስዎ ላይ ይላኩልኝ።»

ማጎሮኩ የተረፈችውን ፀጉሩን ይዞ ተራው ደረሰ። ፖስታው ላይ ስም የለም።

«ለማን ብዬ ልጻፍልህ?»

«እንጃ። እናቴ እኔን ስትወልድ ሞተች። አጎቴ ይኼ ከደረሰው ለዶሮው ያነጥፈዋል።» ዞር ዞር ብሎ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የእርስዎ ባዶ ነው አይደል? ጠዋት ባልዲውን ሲያሳድዱ አይቼዎታለሁ። የኔን ያድርጉበት፣ አባ። ፀጉር ፀጉር ነው።»

ኤሹን የተዘረጋለትን ፀጉር አየው። ወፍራም ነው፣ ከሰል የመሰለ። ማን ያውቃል? አንድ ትንሽ ቁንጥር ቢያደርግበት ሣጥኑ ባዶ አይሆንም። ግን ቶሜ በየአምስት ቀኑ እየላጨችው አሥራ አንድ ዓመት ሆኗታል።

«ትለየዋለች» አለ።

«እንግዲያው ጥፍርዎን።»

ኤሹን ጣቶቹን ዘረጋለት። ከወደቡ ጀምሮ ጥርሱ ሲቀረጥፋቸው ሰንብቶ፣ ሥጋ ብቻ ነው የቀረው።

ኤሹን ብሩሹን ቀለም ነካና የልጁን ፖስታ ተቀብሎ ጻፈበት። ላኪ፣ ማጎሮኩ። ተቀባይ፣ የመቅደሱ ቶሜ።

«ምን ብለው ጻፉ?»

«ሚስቴ ትቀበልሃለች።»

«ምኗ ነኝ ብዬ?»

«ማጎሮኩ ነኝ ብለህ። ስምህን እየጠራች ትጸልይልሃለች።»

ማጎሮኩ አፍንጫውን በእጅጌው ጠረገ።

«ቄሱ!» ሃምሳ አለቃው መዶሻውን ይዞ የፖስታዎቹ ሣጥን ላይ ቆሟል። «ክዳኑን ልመታው ነው! የቀረ አለ?»

ኤሹን የለም ሊል አፉን ከፈተ። ማጎሮኩ ግን አልሄደም፤ አንገቱን አስግጎ የቄሱን ጭንቅላት በጎን በኩል ያያል።

«ማነው የላጨዎት?»

«ራሴ።»

«ያስታውቃል። ከግራ ጆሮዎ ኋላ ለቃርሚያ ትተዋል እኮ!»

ኤሹን እጁን ሰደደ። እውነት ነው፤ ከጆሮው ሥር እንደ ገብስ ገለባ የሚኮሰኩስ ነገር ጣቱን ወጋው። ቶሜ ሁልጊዜ መጨረሻ የምትደርስበት ቦታ ነው። እሱ በመስተዋትም አይቶት አያውቅም።

«ሃምሳ አለቃ፣ አንድ ጊዜ!» ማጎሮኩ መቀሱን ከአንዱ እጅ መንትፎ ተመለሰ። «ይበሉ አባ፣ ጎንበስ። እንዳይተነፍሱ፣ ይበንብናል።»

ኤሹን ጎንበስ ብሎ ፖስታውን ከአንገቱ ሥር ከፍቶ ያዘ። ሸካራ ጣቶች ጆሮውን ይዘው ወደ ፊት አጠፉት። ከቤቱ ከወጣ ወዲህ የሰው እጅ ሲነካው ይህ የመጀመሪያው ነው።

ትንፋሹን ዋጠ። የመቀሱ ብረት ቀዝቃዛ ነበር።