የዓመቱ ዝናብ

ሰማዩ በራሱ መዝነብ ካቆመ ወዲህ ለእያንዳንዱ ቤት የሚደርሰው በዓመት አንድ ዝናብ ብቻ ነው፤ ቤተሰቡ በጠራው ቀን ይወርዳል። አስካለማርያም በጋውን ሙሉ ከሥራና ከልጆች በተረፋት ሰዓት የዕቃ እጣቢ እያጠጣች የጎመንና የቃሪያ ችግኝ አፍልታ ነበር። እናቷን ልታስታምም ስትሄድም ባሏን ደረሰን «እስክመለስ ዝናቡን እንዳትጠራው፤ መጀመሪያ ችግኙን ልትከል» ብላው ነው የወጣችው።

ስትመለስ ጓሮው እንደተወችው ደርቆ አመድ መስሏል። በሩ ሥር የተደረደረው የልጆቹ ጫማ ግን ጭቃ በጭቃ ሆኗል።

«ይሄ ጭቃ ከየት መጣ?» አለች።

ደረሰ ጉሮሮውን ጠረገ። «ወንድሜ ግቢው ውስጥ ያስተከለው ሣር ሊሞትበት ሆነ። የእሱ ዝናብ አልቋል፤ የእኛን ሰጠሁት። ለከርሞ ይመልስልናል።»

«ለሣር?»

«ጎመን እንደሆነ ከገበያ አይጠፋም።»

ትንሿ ልጃቸው ትሁት ከእናቷ ቀሚስ ሥር ተለጠፈች። «አባዬ እንዳትነግሯት ብሎን ነበር» አለች። «አጎቴ ቤት ሁላችንም ወጥተን በሰበስን። አባዬም ጭምር።»

አስካለማርያም ባሏን አየችው፤ እሱ መሬት መሬቱን አየ። ከተጋቡ ጀምሮ የዓመቱን ዝናብ በረንዳ ላይ ጎን ለጎን ቆመው ያላዩበት ጊዜ አልነበረም። ዝቅ ብላ የልጅቷን ፀጉር ዳበሰች።

«ዝናቡ ሲወርድበት መሬቱ ሸተተ?» ስትል ጠየቀቻት።

«አዎ፣ እማዬ» አለች ትሁት ቀስ ብላ። «በጣም።»