የአምሳለ ተራ

ከእኔ በፊት የዚህን ሆስፒታል መዝገብ ቤት የመሩት ግራዝማች ወሰኔና አቶ ድልነሳሁ አንድም ሕመምተኛ ከመዝገብ ጠፍቶባቸው አያውቅም። እኔም በጡረታ እስክሰናበት ድረስ ሥርዓታቸውን ጠብቄያለሁ። ዛሬ ግን የባለቤቴ የአምሳለ ስም ከልብ ቀዶ ሕክምና ተራ ጠባቂዎች መካከል ሊገኝ አልቻለም። የቀረው ቦታ አንድ ነው፤ ዝርዝሩም ስድስት ሰዓት ላይ ይዘጋል። እርሷ ደጅ ካለው አግዳሚ ላይ ትንፋሿ እየተቆራረጠ ትጠብቃለች።

«አባባ፣ ምናልባት አላስመዘገቧት ይሆናል። ኮምፒውተር አይረሳም» አለኝ ፕሮግራመሩ ናሆም።

«እኔም አልረሳም» ብዬ የምዝገባ ካርዷን ጠረጴዛው ላይ አኖርሁለት።

በስልኩ የሙያ ጓደኞቹን ጠየቀ። አንዱ በስሟ ሳይሆን በካርድ ቁጥሯ እንዲፈልግ መከረው፤ ሌላው ዳታቤዙን አጥፍቶ እንዲያስነሣው ነገረው። ሁሉንም ሞከረ፤ ውጤቱ ባዶ ነበር። እኔም ቆሜ ከማየት በቀር አንዳች ማድረግ አልቻልሁም።

አምስት ሰዓት ተኩል ላይ አንዲት የሥራ ባልደረባው ደወለች።

«የተመዘገበችው መቼ ነው?»

ካርዱን አነበበላት። «ጳጉሜን ሦስት።»

«አንተ ሰውዬ፣ የጻፍከው ማጣሪያ ስንት ወር ነው የሚቀበለው?»

ናሆም ከማጣሪያው አንድ መስመር ሰርዞ በጳጉሜን የተመዘገቡትን ሁሉ ፈለገ። ገጹ በምዝገባ ቅደም ተከተል በስም ተሞላ፤ መዝገቡ ወደ ኮምፒውተር ከገባ ወዲህ በአራት ዓመት ውስጥ ማንም ያልጠራቸው አርባ አንድ ሰዎች። አምሳለ ሠላሳ ስምንተኛዋ ነበረች፤ ከፊቷ ሠላሳ ሰባት ሰዎች አሉ፣ የቀረው ቦታ ግን አንድ ነው።

ናሆም ከወንበሩ ተነሣ።

«አባቴ፣ ዓመቱን አሥራ ሁለት ወር ያደረግኩት እኔ ነኝ። ተሳስቻለሁ።»