የኋላው ጥርስ

ሳህሉ ነቀምቴ፣ ቡርቃ ጃቶ ውስጥ ብስክሌት ሲጠግን ያረጀ ሰው ነው። አንድ ከሰዓት በኋላ የሺወርቅ ብስክሌት እየገፋች ስትመጣ ከሷ በፊት የለየው ብስክሌቱን ነበር። የሟች ባሏ የጫንያለው ነው። ማርሽ የማይቀየርለት፣ ባለ አንድ ፍጥነት፣ ሳህሉ ራሱ በእጁ የገጣጠመው።

ጫንያለው ባለፈው ክረምት ከከተማው ወጣ ብሎ መንገድ ዳር ሞቶ ተገኘ። ብስክሌቱ አጠገቡ ወድቋል። መኪና ገጭቶት ነው ተባለ፤ ተቀበረ፤ ነገሩም በዚያው ተዳፈነ። ሳህሉ አሁን ብስክሌቱን ገልብጦ ሲያየው ጭረት እንኳ አላገኘበትም። ቀና ሲል የሺወርቅ ትኩር ብላ ታየው ነበር።

«ከበደኝ» አለች። «ዳገቱ ላይ ከብስክሌቱ እየወረድኩ ነው የምገፋው።»

መምህርት ናት፤ ትምህርት ቤቷ ከከተማ ውጭ ነው። ከሐዘኗ ገና አልወጣችም፤ ከላይ እስከ ታች ጥቁር ለብሳለች። ሳህሉ የኋላውን ጥርስ፣ ካቴናው የሚዞርበትን ባለ ጥርስ ብረት፣ አሳያት። ያ ትንሽ ብረት ለጫንያለው ጉልበት ተለክቶ የገባ ነው። ባለ ሃያ ጥርሱን ፈልጎ ቀየረላትና አንዱን ስታገኝ አንዱን እንደምታጣ ነገራት። የኋላው ጥርስ ሲበዛ ዳገቱ ይቀላል፤ ሜዳ ላይ ግን የሚሮጠው እግር እንጂ ብስክሌቱ አይደለም።

ካቴናውን ዘይት እንዲቀባላት ለመነችው። ድምፅ እንዳያሰማ ትፈልጋለች። ሳህሉ ልክ ነሽ አላት፤ ብቻዋን የምትሄድ ሴት ኮቴዋ ባይሰማ ይሻላታል።

ብዙም ሳትቆይ ተመለሰች። ዳገቱ ቀሎላታል፤ ሜዳው ግን አስቸግሯታል።

«እግሬ በባዶ ይሽከረከራል» አለች። «እሱ ደግሞ የሚበረታው እዚያ ላይ ነው።»

«ማን?»

የሺወርቅ መንገዱን ገልመጥ አደረገች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ በጥቁር ብስክሌት የሚሄድ አንድ ሰው እንዳለ፣ ማታ ማታ እሷና እሱ አንድ መንገድ ላይ እንደሆኑ ነገረችው።

የሳህሉ እጅ መፍቻው ላይ ቀረ። ጭረት የሌለው ብስክሌት ትዝ አለው። ባሏን የጨረሰው ሰው አሁን ደግሞ የምታውቀው ነገር አለ ብሎ ለሷ እያደባ መሆን አለበት። ለፖሊስ እንድትናገር መከራት።

«ምን ብዬ?» አለች። «መንገድ ላይ መሄድ ወንጀል አይደለም።»

በባጃጅ እንድትመላለስ ቢለምናት እሱንም አልፈለገችም። እንግዲህ የቀረው ብስክሌቱን ለሷ ልክ ማድረግ ነው።

እሁድ ሳህሉ ሱቁን ዘግቶ ከትምህርት ቤቷ ወደ ከተማ የምትመለስበትን መንገድ ራሱ በብስክሌት ሄደበት። ባሕር ዛፉ ሲያልቅ ዳገቱ ይጀምራል፤ ረጅም ነው፤ ትንፋሽ ያሳጥራል። ጫፉ ላይ ቤት የሌለበት ሜዳ ይዘረጋል፤ በግራም በቀኝም የቡና ጫካ ነው። ሰው ቢጮህ የሚሰማው የለም። ሳህሉ ዳገቱን በአንዱ ጥርስ ወጣው፤ ወረደና ጥርሱን ቀይሮ እንደገና ወጣው። ፀሐዩ ጠራራ ነበር፤ ማጅራቱን ግን ይበርደው ነበር። ሜዳው ላይ ሲደርስ ሳያውቀው ወደ ኋላው ይገላመጣል። ለሷ የሚሆናት ባለ አሥራ ስምንት ጥርሱ እንደሆነ እዚያው ቆረጠ።

በማግስቱ ገጠመላት።

«ዳገቱ ላይ ትንፋሽሽን አትጨርሺ» አላት። «ረጋ ብለሽ ውጪው። ሜዳው ላይ ስትደርሺ ያለሽን ሁሉ ርገጪው። ነገሩ የሚለየው እዚያ ነው።»

እንደ ተማሪ ቃሉን ደገመችለት።

«በአንቺና በሰውየው መሃል ምን ያህል ይሆናል?» አላት።

«እየጠበበ ነው» አለች።

ሳህሉ ፊቷ ላይ ፍርሃት ፈለገ፤ አጣው። ሐዘን ሰውን ያደነዝዛል ብሎ አለፈው።

ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ ሱቁ ደጃፍ ቆሞ ይጠብቃታል። መሪው ላይ አቀርቅራ ስታልፍ ያያትና ተመስገን ብሎ ይገባል። አንድ ቀን ግን ዝናብ ጣለ፤ የምትመጣበት ሰዓትም አለፈ። ሳህሉ አላስችል ብሎት ዝናቡ እየመታው እስከ አስፋልቱ ወጣ። ብርሃኑ ሊጠፋ ሲል መጣች። ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ነው።

«ምን ሆንሽ?»

«ተቃርቦ ነበር፣ ጋሽ ሳህሉ» አለችና ሳትወርድ አለፈች።

ሳህሉ እንቅልፍ ሳይወስደው አደረ። ያን ጥርስ የመረጠላት እሱ ነው፤ አንድ ነገር ብትሆን ዕዳው የሱ ነው። ነገ እኔው አብሬያት እሄዳለሁ ብሎ ወሰነ።

በማግስቱ ሱቁን ሊዘጋ ሲል አንድ ሰው ጥቁር ብስክሌት እየገፋ ገባ። ሳህሉ ሲያስበው የከረመው ግዙፍ ሰው ነበር፤ ይሄ ግን ከሲታ ነው፤ ከንፈሩ ደርቋል። በሩን በጀርባው ገፍቶ ዘጋው።

«ኦቦ ሳህሉ፣ አካም ኦልታን» ብሎ በኦሮምኛ ሰላምታ ሰጠ። «የኋላውን ጥርስ አሳንሱልኝ። ፈጣን ይሁን። ዛሬውኑ።»

ሳህሉ ትልቁን መፍቻ አነሳ።

«ማንን ልትይዝበት ነው?»

ሰውየው በበሩ ስንጥቅ መንገዱን አየ።

«እኔ ማንንም አልይዝም» አለ። «ከመስከረም ወዲህ ጥቁር የለበሰች ሴት ማታ ማታ ትከተለኛለች፤ ትናንት ሜዳው ላይ ልትደርስብኝ ምንም አልቀራት።»