የቀጭኔው ካፖርት

ስልኩ የሸሚዙ ኪስ ውስጥ ነዘረ። እናቱ ፊት ለፊቱ ሶፋው ላይ ተቀምጣለች፤ የራሷን ስልክ ገና ከእጇ አላስቀመጠችም።

«ለቀጭኔው ጻፍኩለት» አለች፣ መነጽሯን ወደ ግንባሯ ሰቅላ። «ወንድምህ ቤት በሰላም ገብቻለሁ፤ ያላንተ ግን በዓሉ በዓል አይመስለኝም አልኩት።»

«ደግ አደረግሽ፣ እማዬ» አለ ታላቅየው። ደረቱን የሚያክ መስሎ ንዝረቱን በመዳፉ አፈነው።

ቀጭኔው፣ ያ ክንደ ረጅም፣ ታናሽ ወንድሙ ነው። ከሞተ አሥር ወሩ። ከሥራ ወጥቶ መንገድ ሲሻገር መኪና ገጨውና በዚያው ቀረ። ለእናትየው ማን ይንገራት? ባሕር ማዶ፣ ብቻዋን ባለችበት ቤት፣ በስልክ? ለገና ትምጣ፣ በዓሉን በሰላም ትዋል፣ በማግስቱ አጠገባችን ሆና ትሰማለች ተባለ። እስከዚያው ሟቹ ጭነት መርከብ ላይ ሥራ ያዘ፤ ከባሕር ላይ ድምፅ አይሰማም፣ መልእክት ብቻ አልፎ አልፎ ይገባል። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ። ወይ መቅለል! የዚህ ቤቱ እያደር ድንጋይ ሆነ።

ታላቅየው አውቶቡስ ነጂ ነው። ቀኑን መሪ ጨብጦ ይውልና ሲገባ የወንድሙን ስልክ ከፍቶ የሟቹን መልስ ይጽፋል። መዋሸቱን እንኳ ለምዶታል። የሚያስፈራው፣ አንዳንድ ቀን ጣቱ እሱ ያላሰበውን ሲጽፍ ነው። «አንገቴን ከጣሪያው ላድን ጎንበስ ብዬ ስሄድ ትሑት ልጅ ነው ይሉኛል» ብሎ ጻፈ አንዴ። ይሄ የሱ ቀልድ አይደለም፤ እሱ መቀለድ መቼ ያውቅና! ፀጉሩ ቆመ፤ ዞር ብሎም ከኋላው አየ።

ሌላ ጊዜ ደግሞ «ባሕሩ ላይ ብርዱ አጥንት ይሰብራል» ብሎ ጻፈ። ወዲያው መልስ መጣ፦ ልክህን ላክልኝ፣ ካፖርት ልስፋልህ። አርባ ዓመት ልብስ የሰፋች ሴት ናት፤ እምቢ አትባል ነገር። የታላቅየው ሚስት ባሏን አቁማ በሜትር ለካችው፤ ቁመታቸው አንድ ነው፣ ማን ያውቃል ብለው ላኩ። ይሄ ከሰባት ወር በፊት ነው።

«ያ መርከብ መቼ ነው የሚገባው?» አለች እናት አሁን።

«ማዕበል ይዞት ነው አሉ… ከበዓሉ በኋላ።»

ሚስቱ ከወጥ ቤቱ በር ላይ ሆና ዓይኗን አፈጠጠችበት። ንገራት ማለቷ ነው። እሱ ዓይኑን ወደ ገና ዛፉ አሸሸ። ዛሬ ዋዜማው ነው፤ ሁለት ቀን ብቻ፣ ሁለት ቀን ደስ ብሏት ብትውል ምን አለበት?

እናት ሻንጣዋን ከፈተች። በቪዲዮ ስትደውል እስከ አገጯ የምትጠቀለልበትን አበባማ ሻርፕ እዚህም አላወለቀችውም። በአንሶላ የተጠቀለለ ካፖርት አወጣችና አራገፈችው።

«እንግዲያው አንተ ልበስልኝ፤ ሰው ላይ ልየው።»

«እኔ? ለሱ የተሰፋውን?»

«ምነው፣ ይነክስሃል? ና እንጂ፣ ሽማግሌው!» በልጅነቱ ዝም ብሎ ስለሚቀመጥ ነው ሽማግሌው ያለችው፤ እንደዚያው ቀረ።

ለበሰው። እጅጌው አንጓው ላይ ደርሶ ቆመ። ቁልፎቹ ሳይጨንቃቸው ተቆለፉ።

«ወደ መስታወቱ ዙር።»

ዞረ። ልጅ ሳለ ከዛፍ ወድቆ ግራ ትከሻው ዝቅ ብሎ ቀርቷል፤ የገዛው ኮት ሁሉ ወደ ግራ ያዘነብልበታል። አሁን መስታወቱ ውስጥ ሁለቱ ትከሻዎች እኩል ቆመዋል። በጣቱ ዳሰሰው። ከገበሩ ሥር፣ በግራ በኩል ብቻ፣ ስስ ጥጥ ገብቶበታል።

ይሄን ደግሞ ማንም ለክቶ አልላከላትም።

«እማዬ…»

«ሰው ይወፍራል፣ ልጄ» አለች ከኋላው ቆማ፣ የካፖርቱን ጀርባ በመዳፏ እያስተካከለች። «ይከሳልም። ክንዱ ግን አያጥርም። የቀጭኔው ክንድ ካንተ በሦስት ጣት ይበልጣል። ልኩ ሲደርሰኝ፣ ተሳስተው ይሆናል አልኩ። ሜትሩን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ አየሁት፣ ደግሜ አየሁት…»

ሚስቱ የእጅ ፎጣውን አፏ ላይ ያዘች።

«ሰባት ወር ሙሉ አውቀሽ ነው የምትጽፊለት?» አለ ታላቅየው።

«አንተ ታነበው የለ?»

ያኔ አለቀሰ፤ በቀብሩ ቀን ሰው ሲያስተናግድ ያላለቀሰውን፣ ካፖርቱን እንደለበሰ ቆሞ አለቀሰ። አላባበለችውም። ትከሻው ላይ የቀረች ክር ለቅማ ጣቷ ላይ ጠቀለለቻት።

«የተኛበት ነገ ትወስደኛለህ።»

«እወስድሻለሁ።»

«በጠዋት ነው። በዓል ነው ብለህ እንዳትተኛ።»

ተመልሳ ሻንጣው አጠገብ ተንበረከከች። ካፖርቱ ከነበረበት ሥር የታጠፈ ጥቁር ቀሚስ አውጥታ ሶፋው ላይ ዘረጋች። ሚስትየዋ እንባዋን ጠርጋ «ያምጡት፣ እማማ፣ ልተኩስልዎ» ብላ አነሳችው፤ አንስታም እጇ ላይ እንደያዘች ቀረች። ቀሚሱ አዲስ አልነበረም። ጥቁሩ ከመታጠብ ብዛት ነጥቷል፣ ጉልበቱ ላይ ሳስቷል፣ ጠርዙም ሁለት ጊዜ ተፈትቶ እንደገና ተሰፍቷል።