ከአግዳሚ ወንበሩ ላይ

አንድ የልብ ምት ከሌሎቹ ተነጥሎ ሽቅብ ሲወጣ ታብሌቱ ላይ ያየው የቡድኑ ወጌሻ ፊሽካውን ነፋ። ሯጮቹ ደረታቸው ላይ በታጠቁት ቀበቶ ልባቸውን የሚከታተለው እሱ ነበር። ባለፈው ወር አንዷ ሕመሟን ደብቃ ስትሮጥ ጅማቷ ተበጥሶባታል፤ እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዲሉ፣ ከዚያ ወዲህ ዓይኑን ከታብሌቱ ነቅሎ አያውቅም።

«ምነው ደግሞ? ገና መሞቃቸው እኮ ነው!» አለ አሰልጣኙ ተናዶ።

ወጌሻው የእያንዳንዷን ሯጭ የእጅ አንጓ እየያዘ ምቷን ለካ። ሁሉም ደህና ነበሩ።

ግራ ገብቶት ዞር ሲል፣ ጅማቷ የተበጠሰው ልጅ የታሰረ እግሯን ዘርግታ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተቀምጣለች። ትርፉ ቀበቶ ከሹራቧ ስር ጎላ ብሎ ይታያል።

«አንቺ! ማን ታጠቂ አለሽ?»

«ጋሼ፣ እነሱ ሲሮጡ አብሬያቸው ልሩጥ ብዬ ነው» አለች አቀርቅራ።

ፈትታ እንድትሰጠው እጁን ዘረጋ። ታብሌቱን አየ፤ ልቧ ገና አልበረደም። እጁን ሰበሰበና ሯጮቹ ወደ መነሻው መስመር እንዲመለሱ ምልክት ሰጠ።

«በይ ልጄ» አላት አጠገቧ እየተቀመጠ፣ «የአሁኑን ዝግ ብለሽ ጀምሪ።»